ለ20 ማርክ የተከፈተ ብሎግ

«ብሎግ የምትከፍቱት በግል ነው፤ በቡድን አይቻልም። በሴሚስተሩ ቢያንስ አምስት ፖስት። እያንዳንዱ ከ400 ቃል እንዳያንስ። በሁለት የክፍል ጓደኞቻችሁ ብሎግ ላይ ኮሜንት ጻፉ። ሊንኩን ቴሌግራም ግሩፑ ላይ አስቀምጡ። 20 ማርክ ይይዛል።»

ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን የተማረ፣ ወይም «ዲጂታል ሚዲያ» የሚል ስም ያለው ኮርስ የወሰደ ሰው ይህን ወይም ይህን የሚመስል መልእክት ያውቀዋል። ቀጥሎ የሚመጣውንም ያውቀዋል። አንድ ሰሞን ዶርሙ በሙሉ ጦማሪ ይሆናል። ቴምፕሌት ይመረጣል፣ ለብሎጉ ስም ይወጣለታል፣ «እንኳን ወደ ብሎጌ በሰላም መጣችሁ» ተብሎ ይለጠፋል። ሁለተኛው ፖስት «የማኅበራዊ ሚዲያ ጥቅምና ጉዳት» ነው። እሱ እንዳያመልጣችሁ። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ያሉት ዴድላይኑ ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩ በአንድ ሌሊት ይወጣሉ። ኮሜንቱ ደግሞ በስምምነት ነው፤ አንቺ ለእኔ፣ እኔ ላንቺ። «ዋው፣ በጣም አስተማሪ ጽሑፍ ነው፣ በርቺ!» ከዚያ ግሬድ ይገባል፣ ብሎጉም በዚያው ይቀራል።

ሰሞኑን እንዲህ ያሉ ብሎጎችን እያሳደድኩ ሳነብ ነበር። አብዛኞቹ «አሳይመንት» የሚል ርዕስ እንደለበሱ የቀሩ ናቸው። አንዷ ተማሪ የጻፈችው ግን ያዘኝ። አዲስ የተመደበ ፍሬሽማን ከመናኸሪያ እስከ ግቢው በር እንዴት እንደሚደርስ፣ የትኛው ባጃጅ ስንት እንደሚጠይቅና ስንት መክፈል እንዳለበት፣ ሻንጣ ውስጥ ምን መግባት እንዳለበትና ምን ተሸክሞ መምጣት ከንቱ ድካም እንደሆነ በቀላል አማርኛ ጽፋለች። እንደ ታናሽ ወንድሟ ነው የምታናግረው። ከሥሩ፣ እሷ ከጻፈች ከአንድ ዓመት በኋላ የመጣ ኮሜንት አለ፤ «ፍራሽ ይሰጣል ወይስ ይዘን እንምጣ?» የሚል። መልስ የለውም። ኮርሱ አልቋል፣ እሷም ወደ ብሎጉ አልተመለሰችም። ልጁ ፍራሽ ይዞ ይሂድ፣ ሳይዝ ይሂድ አይታወቅም።

እኔ ይህን ምድብ ሥራ የምቃወም ሰው አይደለሁም። እንዲያውም በየዩኒቨርሲቲው ስለ ኢንተርኔት ከሚሰጡት ትምህርቶች ሁሉ የሚሻለው ይሄ ይመስለኛል። ስለ ዋና በሃንድአውት ተምሮ ዋናተኛ የሆነ የለም። ያስቸገረው ብሎጉን የምናርምበት መንገድ ነው። ቃል ይቆጠራል፣ ፖስት ይቆጠራል፣ ኮሜንት ይቆጠራል። ጽሑፉ ጥያቄ ይዞ ለመጣ ሰው ምን እንዳደረገለት ግን ማንም አይጠይቅም። እና ተማሪው ምን ይማራል? ለአንድ ሰው፣ ያውም ለማንበብ ለሚከፈለው ሰው፣ መጻፍን። እሱን ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሲለማመደው ኖሯል።

«ቆይ፣ በዚህ ዘመን ብሎግ ማን ያነባል? ቲክቶክ እያለ?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ብሎግ መጻፍ ዛሬም ዋጋ ያለው ግን ቲክቶክና ቴሌግራም የማያስተምሩት ነገር ስላለው ነው። ቲክቶክ ላይ የምታየውን የሚመርጥልህ አልጎሪዝሙ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ያየኸውን ቪዲዮ ዛሬ ልፈልገው ብትል ግማሽ ቀን ይፈጅብሃል። ብሎግ ላይ ግን እያንዳንዱ ጽሑፍ ቀን አለው፣ የራሱ አድራሻ አለው፣ ነገም እዚያው ነው። ከሌላ ሰው የወሰድከውን ነገር «ከዚህ ነው ያገኘሁት» ብለህ ሊንኩን ታስቀምጣለህ፤ አንባቢው ካላመነህ ሄዶ ያያል። ስትሳሳት ደግሞ የድሮ ጦማሪዎች ደንብ ነበራቸው፤ የተሳሳተውን ቃል ዝም ብሎ ማጥፋት የለም፣ በላዩ መስመር ተሰምሮበት እንዲታይ ይተዉትና ትክክለኛውን ከጎኑ ይጽፋሉ።

ነገሩ ከመነሻውም እንዲሁ ነበር። «ዌብሎግ» የሚለውን ቃል በ1997 እ.ኤ.አ. ያመጣው ጆርን ባርገር የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ የሱ ገጽ በየቀኑ ድር ላይ ያነበባቸውን ነገሮች እየመዘገበ ሊንካቸውን የሚደረድርበት ነበር። በ1999 ፒተር ሜርሆልዝ የሚባል ሰው ቃሉን ለቀልድ ለሁለት ሰነጠቀውና «ዊ ብሎግ» አደረገው፤ «ብሎግ» በዚያው ቀረ። ብሎግ ሲወለድ የሊንክ መዝገብ ነበር ማለት ነው። ማንበብህን፣ ያነበብከውንም ከየት እንዳገኘኸው የምታሳይበት።

አሁን ወደ ስልካችን እንመለስና ቴሌግራም እንክፈት። አንድ ወሬ በአሥር ቻናል ላይ ታገኛላችሁ። ቃል በቃል ያው ነው፤ የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር ያው። መጨረሻው ላይ «ምንጭ፦ ሶሻል ሚዲያ» ይላል። ሶሻል ሚዲያ ምንጭ ከሆነማ የጎረቤት አጥርም ምንጭ ነው። ወሬው ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ፖስቱ በጸጥታ ይጠፋል፤ ማረሚያ የለ፣ ይቅርታ የለ። መቶ ሺህ ሰው ያነበበው ነገር እንዳልነበረ ይሆናል። ይህን እያየ ያደገ ልጅ «ዲጂታል ሚዲያ» ኮርስ ገብቶ የሚያስፈልገው ይህኛውን ልማድ የሚያስጥለው ነገር ነው። አምስት ጊዜ 400 ቃል ጻፍ ማለት አያስጥለውም። አንድ ጽሑፍ ጽፎ፣ ምንጩን አያይዞ፣ ሰው «ተሳስተሃል» ብሎት፣ ሄዶ አጣርቶ፣ በግልጽ ቢያርም ግን ያስጥለዋል።

እኛ ለዚህ ነገር ቃል ያጣን ሰዎች አይደለንም። ጦማር በግዕዝ ደብዳቤ ነው፣ የተጠቀለለ ጽሑፍ ነው፤ ደብዳቤ ደግሞ ተቀባይ አለው። ከዚያ «ጦማሪ» መጣ፣ «እንጦምር» መጣ። ቃሉን በሰው አፍ ካስገቡት መካከል በግንቦት 2004 ዓ.ም. የተሰባሰቡት የዞን ዘጠኝ ወጣቶች ይገኙበታል። መፈክራቸው «ስለሚያገባን እንጦምራለን» ነበር። ስማቸው የመጣው ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው፤ ቃሊቲ ስምንት ዞን ነበረው፣ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጪ ያለው አገር ነው የሚል ስላቅ ነው። በሚያዝያ 2006 ስድስት ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሠሩ፤ በሽብር ተከሰሱ። ከፊሎቹ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ፣ የቀሩትን ፍርድ ቤት በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። ብሎጋቸው አገር ውስጥ አይከፈትም ነበር። በሰኔ 2010 መንግሥት 264 ድረ ገጾችና ጦማሮች ተከፍተዋል እስካለበት ጊዜ ድረስ ብዙ የአማርኛ ገጽ የሚነበበው በዙሪያ ጥምጥም ነበር።

ይህን ታሪክ ከኮርሱ ሃንድአውት ውስጥ ስፈልገው አጣሁት፤ ያየኋቸው ሦስት ሃንድአውቶች በሙሉ ስለ ጆርን ባርገር ያወራሉ። አሜሪካዊውን አትማሩ እያልኩ አይደለም፣ እኔም ከላይ አንስቼዋለሁ። ነገር ግን ስለ ኢንተርኔት ባህል የሚማር የባሕር ዳር ወይም የጅማ ተማሪ፣ በገዛ አገሩ ሰው ብሎግ ጽፎ ምን እንደደረሰበትና ለምን መጻፍ እንደፈለገ ሳይሰማ «ፖስት አድርግ» ከተባለ፣ ብሎግን እንደ ፓወርፖይንት የሚቆጥረው ቢሆን አይፈረድበትም።

የተማሪ ጽሑፍ በዚህች አገር ቀላል ነገር ሆኖም አያውቅም። በኅዳር 1962 ዓ.ም. የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር በሚያሳትመው «ስትራግል» ላይ ዋለልኝ መኮንን የሚባል ተማሪ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጥቂት ገጽ ጽሑፍ አወጣ። ስለ ሐሳቡ የምትሉትን በሉ፤ የሚያመሰግነውም የሚረግመውም እስከ ዛሬ አላለቀም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ጽሑፉ የወጣው ተማሪው በሚያነበው፣ ተማሪው በሚከራከርበት ወረቀት ላይ ነበር። አንባቢ ነበረው። ማርክ አልተሰጠውም። (ለክርክር ያህል፣ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ይህ ከዚህ በታች የምለውን ትንሽ ያበላሽብኛል፣ ግን እውነት ስለሆነ ልለፈው አልቻልኩም።)

ቋንቋ። ብዙ መምህራን ብሎጉ በእንግሊዝኛ እንዲሆን ያዛሉ፤ የማስተማሪያው ቋንቋ እሱ ነው ይላሉ፣ ለተማሪውም ልምምድ ይሆነዋል ይላሉ። ውጤቱን ግን እንየው። በካፌ ሰልፍ ላይ አንድ ነገር ሲተርክ ዙሪያውን የሚያስቅ ልጅ፣ በእንግሊዝኛ ብሎግ ላይ ሲቀመጥ ድንገት የመንግሥት ሪፖርት ይሆናል። የራሱ ድምፅ ይጠፋል። ይህ የችሎታ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ማንን እያናገረ እንደሆነ አያውቅም። ሎንዶን ያለ ሰው የሱን «ዲጂታል ዲቫይድ» አያነብም፣ የዶርም ጓደኛውም አያነብም።

በሌላ በኩል በአማርኛ የሚጻፍ ነገር ገና ጠፍ መሬት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብሎገር የሚባለው አገልግሎት የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። ዕድሜያቸው እኩል ነው ማለት ነው፣ ግን አብረው አላደጉም። የአማርኛ ዊኪፔዲያ ሃያ ዓመት ገደማ ኖሮ ያለው 15 ሺህ ገደማ መጣጥፍ ነው። ስለ ራስህ ከተማ፣ ስለ ሰፈርህ ገበያ፣ የጠፋ ሰነድ እንዴት እንደሚወጣ በአማርኛ ጎግል ላይ ፈልግና ምን እንደምታገኝ እይ። በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ስትፈልግ ደግሞ ከዚህም ይሳሳል። የአንድ ሴክሽን ተማሪዎች በሚያውቁት ቋንቋ ስለሚያውቁት ነገር አንድ አንድ ጽሑፍ ቢያወጡ፣ በአንድ ሴሚስተር ለአንድ ከተማ ኢንተርኔት ላይ ያልነበረ ነገር ይኖረዋል። ያቺ የባጃጅ ዋጋ የጻፈችው ልጅ እኮ ይህንኑ ነው ያደረገችው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ካየኋቸው ብሎጎች ብዙዎቹ አናት ላይ ሦስት ነገር ተጽፏል፤ ሙሉ ስም፣ አይዲ ቁጥር፣ ሴክሽን። ማንም በሚከፍተው ገጽ ላይ! መምህሩ እንደ ወረቀት አሳይመንት ከቨር ፔጅ ጠይቆ ነው፣ ተማሪውም እንደተባለ አድርጓል። ወረቀት ግን መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ይሄ ልጅ ነገ ሥራ ሲያመለክት ስሙን ጎግል የሚያደርግ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው በ20 ዓመቱ፣ በሌሊት፣ ለማርክ ብሎ ስለ ፖለቲካ የጻፈውን ነው። ያውም ሐሳቡ ቀድሞ ተለውጦ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በላይ ደግሞ ሕግ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ በ2008 ወጥቷል፣ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 በ2012 ወጥቷል። የኋለኛው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት የተፈጸመን ጥፋት ከበድ አድርጎ ይቀጣል። የተማሪ ብሎግ 5,000 ተከታይ የለውም፣ እሺ። ግን አንድ ትልቅ ቻናል ስክሪንሾት አድርጎ ቢለጥፈውስ? ስሙ ላዩ ላይ ነው፣ ግቢው ይታወቃል፣ ሴክሽኑ ተጽፏል። በየግቢው በብሔርና በሃይማኖት ስም የተነሳውን ጠብ ላየ ተማሪ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ሴት ተማሪዎች ደግሞ የሚያውቁት ሌላ አለ፤ አስተያየት ጽፋ በስሟ ያወጣች ልጅ ኢንቦክሷ ውስጥ ምን እንደሚገባ እናንተው ጠይቋት። አገሪቱ በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አውጥታለች። የተማሪን ስምና መለያ ቁጥር አደባባይ አውጣ የሚል የኮርስ መመሪያ ከዚያ አዋጅ መንፈስ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ የሚነግረኝ መምህር ካለ ደስ ይለኛል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የብዕር ስም ይፈቀድ። የአማርኛ ጽሑፍ ከብዕር ስም ጋር ትናንት አልተዋወቀም፤ ኃይሉ ገብረ ዮሐንስን ብዙው አንባቢ «ገሞራው» ብሎ ነው የሚያውቀው፣ እሱም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለ ጀምሮ። የትኛው ብሎግ የማን እንደሆነ መምህሩ ብቻ ይወቅ። ብሎጉን ለክፍሉ ብቻ ክፍት ማድረግም ይቻላል፤ ተማሪው ለሕዝብ ልልቀቀው ሲል ራሱ ይልቀቀው። ስምን አደባባይ ማውጣት በማርክ የሚገደድ ነገር መሆን የለበትም።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ፤ ኢንተርኔቱ ራሱ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ አምስት ወር ያህል ተገድበው ነበር፤ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ማለት ነው። በሰኔ መጨረሻ 2012 ደግሞ አገሩ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቷል። በ2015ቱ ገደብ ጊዜ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ የሚማር ልጅ ትምህርቱን በቪፒኤን ነበር የሚከታተለው። የቤተሰብ ገንዘብ ቆጥሮ ፓኬጅ ለሚገዛ ተማሪ ደግሞ በስልክ አምስት ፖስት ከነፎቶው መጫን ብር ነው። ዴድላይን ሲወሰን ይሄ አይታሰብም። «ኔትወርክ የለም» ሰበብ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ እውነት የሚሆንበት ጊዜ ግን ይበዛል።

ቻትጂፒቲ ላይ ብዙ አልቆይም። 400 ቃል የማኅበራዊ ሚዲያ ጥቅምና ጉዳት በግማሽ ደቂቃ ይጽፋል፣ ከተማሪውም ያላነሰ ይጽፋል፤ ምክንያቱም ጥያቄው ለማሽን የተመቸ ነው። የግቢው ክሊኒክ ለምን ከሰዓት በኋላ እንደሚዘጋ፣ ፎቶኮፒ ቤቱ ያለችው እህት የፈተና ሰሞን ስንት ገጽ እንደምታባዛ ግን አያውቅም። እሱን ለማወቅ ከዶርም ወጥቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። መምህሩ ማሽኑን ለማሸነፍ ሶፍትዌር ከሚፈልግ ጥያቄውን ቢቀይር ይቀለዋል።

የመምህራኑንም ችግር አላጣሁትም። በአንድ ሴክሽን 60 ተማሪ ካለ፣ አምስት አምስት ፖስት 300 ጽሑፍ ነው፤ ደመወዙን እያወቅን «ሁሉን በጥንቃቄ አንብብ» ማለት ቀልድ ይሆናል። ቃል የሚቆጠረውም አንዱ ለዚህ ነው፣ መቁጠር ከማንበብ ይቀላል። ስለዚህ አምስቱ ሁለት ይሁኑ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ሴሚስተሩ እንደተጀመረ ይውጣ። ከዚያ ተማሪው ጽሑፉን ከክፍሉ ውጪ ላሉ ሦስት ሰዎች ይስጥ፤ ለእናቱም ቢሆን፣ ለጸጉር ቆራጩም ቢሆን። ምን እንዳሉት፣ የት እንዳልገባቸው፣ የት «ይሄ ልክ አይደለም» እንዳሉት ይጻፍ። ሁለተኛው ጽሑፍ ያንኑ ጉዳይ አርሞና አስፍቶ ይዞ ይምጣ። ማርኩ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ላለው ልዩነት ይሁን። «ዋው፣ በርቺ» ለሚል ኮሜንት ዜሮ፤ «ይህን ከየት አገኘሽው?» ለሚል ኮሜንት ደግሞ ሙሉ ማርክ።

ይህን የምታነቡት ተማሪዎች መመሪያውን ልትቀይሩት አትችሉ ይሆናል፤ ሲለበሱ ሳይ የሚቆጨኝ ነገር ግን በእጃችሁ ነው። አብዛኞቹ ብሎጎች ሲተዉ ኮሜንት የሚገባበት ኢሜይል አብሮ ተትቷል፣ ለአሳይመንቱ ብቻ የተከፈተ ጂሜይል ስለሆነ። በምትከፍቱት በዋናው ኢሜይላችሁ ይሁን። ሰው ጥያቄ ሲጽፍ በኢሜይል እንዲደርሳችሁ ማድረግ ይቻላል። ብሎገር ላይ ሴቲንግ ውስጥ የጻፋችሁትን በሙሉ በአንድ ፋይል አውርዶ የማስቀመጫ ቦታም አለ፤ ግሬድ በገባ ማግስት አውርዱት። ገጹ ላይ አይዲ ቁጥራችሁ ካለ ዛሬውኑ አጥፉት። የፍራሹን ነገር የምታውቁ ደግሞ ለልጁ መልሱለት፤ ዘንድሮም ሌላ ልጅ እየጠየቀ ሊሆን ይችላል።